የእናቴ ማስቲካ

ከማስቲካ ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ያውቁታል። በታክሲ፣ በባንክ መስኮት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚያጧጡፉትን ስንት ጊዜ እንደወረፍኳቸው እኔም አልቆጥረውም። ጥላቻው የእናት ውርስ ነው። እማዬ በልጅነታችን ስናኝክ ካየችን «ምን ታመሰኳለህ፣ ከብት ነህ እንዴ?» ብላ መዳፏ ላይ ታስተፋን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለእማዬ ማስቲካ አዘዘላት።

አንጀቷ ተጠምዝዞ በሌሊት ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በአፍንጫዋ የገባው ቱቦ ጠዋት ወጥቶላታል፤ ሆዷ ግን ዝም እንዳለ ነው። ወጣቱ ሐኪም በማዳመጫው ካዳመጣት በኋላ «እማማ፣ ጋዝ ወጣ?» አላት።

«ጋዝ ከተውን ቆየን ልጄ፤ አሁንማ በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው» አለችው።

ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማስተርጎሙ ለእኔ ወደቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ያን ቃል ከአፏ አውጥታ ለማታውቅ ሴት፣ ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል፣ የገዛ ልጇ ምን ብሎ ይንገራት? ጆሮዋ ሥር አንሾካሾክሁ። አንሶላውን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስረዳኝ። ሆድ ተከፍቶ ሲነካካ አንጀት ያኮርፋል (ቃሉ የእኔ ነው)። ትንሹ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይነቃል፤ ጨጓራ አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ትልቁ አንጀት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ያቺ አየር መውጣቷ መንገዱ መከፈቱን ታበስራለች። ማስቲካ ሲታኘክ ደግሞ ሆድ ምግብ የመጣ መስሎት ይታለልና አንጀት መላወስ ይጀምራል።

እኔ መቼም በማስቲካ ጉዳይ በቀላሉ እጅ አልሰጥም። ወዲያው ስልኬን ይዤ ፍለጋ ገባሁ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምገማ 81 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል፤ ማስቲካ ያኘኩ ሕሙማን ካላኘኩት በ10 ሰዓት ያህል ቀድመው አየር አውጥተዋል። አብዛኞቹ ጥናቶች ጥራታቸው ደከም ያለ ነው የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። ግን ደስታዬ ምን ሊረባኝ? እናቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

በሩ ላይ ከቆመ ሱቅ በደረቴ ገዛሁላት። «የትኛውን ጋሼ?» ሲለኝ የአንዱንም ስም አላውቅ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደ ሌባ ዙሪያዋን እየቃኘች አኘከች።

ስለ ጠያቂዎች ብዙ አልልም። አንዲት ዘመዳችን ምግብ ተከልክላለች እየተባለች ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ ይዛ መጥታ «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋታል?» ብላ ስትሟገተን ዋለች። ከእንግዲህ ጥበቃው ሰው በር ላይ ሲመልስ አልቆጣውም።

በአራተኛው ቀን ንጋት፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፌ ተጋድሜ ሳለ፣ ከአልጋው ያ ድምፅ መጣ። አጭር ነው፤ ግን አያጠራጥርም። «ይቅር በለኝ» አለች እማዬ። ለእኔ ይሁን ለፈጣሪ እስካሁን አልጠየቅኋትም። ፊት ለፊት ልጃቸውን የሚያስታምሙት እናት «እሰይ! እንኳን ማረሽ!» ብለው እልል ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ተቀበላቸው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ጥቂት ማንኪያ ሻይ፣ በማግስቱ አጥሚት። ትናንት ትከሻዬን ይዛ እስከ ክፍሉ በር ደረሰች፤ ዛሬ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ሐኪሙ ማስቲካው ይበቃል ብሏታል። ግማሹ እሽግ ግን ትራሷ ሥር አለ፤ ላነሳው ስል እጄን መታ አደረገችኝ።

በቀደሙት ጽሑፎቼ የተቀየማችሁኝ የታክሲ ረዳቶችና የባንክ ገንዘብ ተቀባዮች ግን ይቅርታ እንዳትጠብቁ። የእናንተ ሆድ አልተከፈተም።