«ነፃ ምርመራ» ስንት ያስወጣል?

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ። አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር ጀሞ ከሚገኘው ቤቱ ወጥቶ ቪትዙን ሊያስነሳ ቁልፍ አዞረ። «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ደገመው፤ ያው ነው። የሰፈሩ መካኒክ ተጠራ። ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና «ሞተሪኖው ሄዷል» አለ። ለምርመራው ሳንቲም አልጠየቀም። ሞተሪኖ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ መጣ፣ ተገጠመ፣ መኪናዋም ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደገና «ቀጭ»።

ሞተሪኖው ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። የታመመው የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ገመዱን ጨብጦ የሚይዘው ብረት ነው፤ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት በልቶታል። ታዲያ ሞተሪኖው ሲቀየር ለምን ተነሳ? ሞተሪኖ ለመፍታት መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ሲመለስ ተነካክቶ፣ ተፋፍቆ ለሁለት ቀን ያዘ። ሹፌሩ የሁለት ቀን ሥራ ጠፍቶበት፣ የማያስፈልገው ዕቃ ገዝቶ፣ የእጅ ዋጋም ከፍሏል። ሻጩ ደግሞ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመልስም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «መካኒኮች ሌቦች ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ደንበኛው ለ«ማየት» አይከፍልም። መካኒክ አንድ ሰዓት ለክቶ፣ ፈትሾ «ምንም አልተበላሸም፣ ይቺን አጥብቃት» ቢል ምን ይከፈለዋል? «ምን ሠራህና!» ይባላል። ስለዚህ የሚከፈለው ሲቀይር ብቻ ነው፤ እሱም ይቀይራል። ይህን ልማድ ያሳደገው ደንበኛው ራሱ ነው።

ወኪል አስመጪው ጋ ሲኬድ ሌላ ቅሬታ ይሰማል፦ «ገና ሳይነኩት የምርመራ ሂሳብ አስከፈሉኝ»። እንዲያውም ከሂሳቡ ሁሉ ተገቢው እሱ ነው። ለምርመራ የተከፈለው ሰው ቢያንስ ዕቃ ለመሸጥ ሲል መገመት አይገደድም። የወኪሉ ጣጣ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የሞተሪኖ ካርቦን ሲያልቅ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ፈትቶ ካርቦኗን ብቻ ይቀይራል፤ ወኪሉ ግን ሞተሪኖውን ሙሉ በሙሉ ያስወጣና አዲስ ይገጥማል። ወረፋውም አለ። ቤቱ ላልቆመች መኪና ያ ወረፋ ምንም አይደለም፤ ለታክሲ ሹፌር ግን የልጆቹ እራት ነው።

ስለዚህ «ራስህ ፈትሽ ወይስ ለባለሙያ ክፈል» የሚለው ክርክር ራሱ ተዛብቷል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የባለቤቱ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የባለሙያ ነው፤ ለምርመራም ይከፈለው።

በአሥር ደቂቃ ምን ይታያል? መጀመሪያ ጆሮ። ሞተሩ እየዞረ ካልያዘ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ተዋቸው፤ ጥያቄው ወደ ነዳጅ፣ ወደ ካንዴላ ወይም ቁልፉን ወደማያውቀው የስርቆት መከላከያ ሄዷል። ቀጭቀጭቀጭ እያለ የሚንጣጣ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ አልያዘም። ምንም ድምፅ ከሌለና ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ኤን ላይ አድርጎ መሞከር ነው፤ አንዳንዴ ነገሩ እዚያ ያልቃል።

ቀጥሎ ቴስተር። የትም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው ርካሹ ይበቃል። ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ነው። ቁልፍ ሲዞር ከ10 በታች ከዘቀጠ ባትሪው አቅም አጥቷል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.5 በላይ ካልሆነ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛም ነገ ያው ነው። የጀሞውን ሹፌር የምታድነው ግን ሌላ ልኬት ነበረች፦ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በያዘው ብረት ላይ አድርጎ ሌላ ሰው ቁልፍ ሲያዞር ማየት። ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ቮልት ካሳየ ኃይሉ እዚያው ዝገቱ ላይ እየቀረ ነው። መድኃኒቱ የፈላ ውሃ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቁልፍ ነው።

ይህ ሁሉ የአሮጌ መኪና ወሬ ከመሰለ፣ አይደለም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ናቸው፤ እነሱም ጠዋት እምቢ ይላሉ። አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው እሱ ነው። ትልቁ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ከሞተ መኪናው አይነቃነቅም። ባለቤቱ «ባትሪው ሞቷል» ሲባል ምን እንደሚሰማው ማሰብ ነው፤ በዚያ መኪና ውስጥ ከትልቁ ባትሪ የሚወደድ ዕቃ የለም። በዚያች አንዲት ቃል ሻጭ ሊነግድባት ይችላል። ያው ቴስተር ትንሹን ባትሪ ይለካል። ብርቱካናማ ገመዶቹ ግን አይነኩም፤ ገዳይ ናቸው።

ከዚያ ያለፈው ብልሽት ግን በቴስተር አይታይም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገር መሣሪያና ሶፍትዌር ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አምራቾች ለወኪሎቻቸው የሚሰጡትን የምርመራ መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ክፍያ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። እዚህ ነዳጅ መኪና እንዳይገባ የመከልከል አቅም ያለው መንግሥት፣ የኤሌክትሪኩን የሚያስገባ ሁሉ የጥገና መመሪያውንና ኮድ ማንበቢያውን ፈቃድ ላለው ጋራዥ እንዲያቀርብ ማዘዝም ይችላል። በክፍያም ቢሆን፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን። ስክሪኑ በቻይንኛ ለሚያወራ መኪና ያ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።