የጣናን ዳርቻ ለብስክሌት እንክፈት

ጣናን የሚጎበኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ወይ ከጀልባ ላይ ነው፣ ወይ ከመኪና መስኮት። በጀልባ የሄደው ዘጌ ወርዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፣ ፎቶውን ያነሳል፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳበት ይመለሳል። በመኪና የሄደው ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ የፎገራን ሜዳ እያንቀላፋ ያልፋል፣ እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ከኮረብታው ላይ ብቅ ሲል «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ ሳያልቅ ግንቡ ከኋላ ቀርቷል። ሁለቱም ጣናን አይተናል ይላሉ፤ ውሸት ነው አይባልም። መካከል ላይ ያለው ሰው ግን፣ ቆሎ ቆልታ መንገድ ዳር የተቀመጠችው፣ ዓሣ ጠባሹ፣ ጎማ ለጣፊው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የያዙት አባት፣ ከዚህ ሁሉ ጉብኝት የሚተርፋቸው አቧራ ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው። የጣናን ዳርቻ በብስክሌት ቀስ ብሎ፣ ባገኘው ጥላ እያረፈ፣ ያገኘውን ሰው ሰላም እያለ የሚዞር መንገደኛ እንዲበዛ እናድርግ። እንግዳውን ሳንጠብቅም ራሳችን እንጀምረው።

ለዚህ ከባሕር ዳር የተሻለ መነሻ በአገሪቱ የለም ብል ሐዋሳዎች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ። ከተማዋ ሜዳ ናት። ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ አናጺው መጋዙን ከኋላ አስሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከረቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ሳይክል የሚነዳባት ከተማ ናት። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የሳይክሉ ብዛት እንደ ድሮው ባይሆንም ልማዱ አልጠፋም። የጎደለው ሌላ ነው። ሳይክል ለእኛ የሥራ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል፤ እሑድ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። በሳይክል ሽርሽር መውጣት የልጅ ወይም የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። መሄጃ የለም እንዳንል፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መሄጃም አለው። ድልድዩን ተሻግሮ ሳይክሉ የት ይደርሳል የሚለውን መጠየቅ ግን የመሐንዲሶች ብቻ ሥራ አይደለም።

የት መድረስ እንደሚችል ልንገራችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 «ፋሲል ግቢ» ብሎ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጎንደሩን ቅጥር ብቻ አይደለም። ጉዛራ፣ የጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያምና የዐፄ ሱስንዮስ ማርያም ግምብም እዚያው መዝገብ ውስጥ ናቸው። መዝገቡ ራሱ የሐይቅ ዳር ጉዞ ነው ማለት ይቻላል። ጉዛራ በ16ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የነገሡት የዐፄ ሠርጸ ድንግል ሥራ ነው ይባላል፤ ጎንደር ገና ከተማ ሳትሆን ነገሥታቱ ዓይናቸውን በጣና ላይ እንደጣሉ ከዚያ ኮረብታ ሆኖ ሐይቁን ያየ ሰው ይገባዋል። ቀጥሎ ሱስንዮስ መጡ። ካቶሊክነትን ተቀበሉ፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጎርጎራ ላይ ተተከሉ፣ ማርያም ግምብ ታነጸች። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ከምንጩ ደርሶ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ከዚያ በአገሩ ላይ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ፣ ልጃቸው ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን አባርረው መንበራቸውን ጎንደር ላይ ተከሉ። ከጉዛራ ተነሥቶ በጎርጎራ ዞሮ ጎንደር የገባ ሳይክለኛ ይህን ታሪክ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል በእግሩ ጉልበት ያነበዋል። የትኛውም አስጎብኚ በመኪና ውስጥ እንዲህ አድርጎ ሊተርክለት አይችልም።

ደብረ ሲናን ለብቻዋ ላንሳት። ክብ ናት፣ ጣሪያዋ የሣር ክዳን ነው፣ የውስጥ ሥዕሎቿ ከእመቤት መለኮታዊት ስም ጋር ይያያዛሉ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ የተፈቀደች አይደለችም፤ ሴትም ገብታ ትሳለማለች። እኅቶቻችንን ይዘን እንሂድ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

በመካከሉ ያለው አገር ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጉማራንና ርብን ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው በአንድ በኩል የሩዝ ማሳ፣ በሌላ በኩል ስመ ጥሩውን የፎገራ ከብት ያያል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፤ ከዚያ በፊት በክረምቱ ግን አትሞክሩት፣ ዋልካው ጎማውን ይዞ ሳይክሉን ተሸክማችሁ ነው የምትመለሱት። ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ የሚታጠፍ ሰው ቆራጣን ያገኛል። ዛሬ ብዙ ሰው ስሟን አያነሳም፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ግን ከጣና ዳር ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1866 የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳምና ከመቅደላ የተፈቱት አውሮፓውያን ለጥቂት ጊዜ የሰነበቱት እዚያ ነበር።

ዘጌም በየብስ ይደረሳል። ከባሕር ዳር ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጠውን መንገድ ነድቶ አፋፍ የምትባለው መንደር ሲደርስ ሳይክሉን እዚያ ላለ ልጅ በአደራ ይሰጣል፤ ወደ ውስጥ በእግር ነው። በዘጌ በአባ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት መሬቱ በበሬ አይታረስም ይባላል፤ ሰዉ በቡናና በፍራፍሬ ኖሯል፣ ጫካውም የተረፈው በዚሁ ነው። በዚያ ጥላ ስር የሚፈላን ቡና ጠጥቶ ዋጋውን በባለቤቷ እጅ የሚያስቀምጥ ሰው በጀልባ መጥቶ በጀልባ ከሚመለሰው ይልቅ ለዘጌ ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንዳንዱ አንባቢ «ቀልደኛ! መንገዱ እንዴት እንደሆነ አታውቅም?» ማለቱ አይቀርም። ትክክል ነው። በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ከከተማ ወጥቶ ዘና ብሎ መንዳት በሁሉም ቦታና በሁሉም ጊዜ የሚቻል ነገር አልሆነም። ማንንም ወደ አደጋ አልጠራም። ከዳር እስከ ዳር የሚደረገው ጉዞ ሰላም ሲወርድ ነው፤ ከመነሣት በፊት ያገሩን ሰውና በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ ግድ ነው። ነገር ግን ሰላሙ በወረደ ማግስት መንገዱ ራሱን አዘጋጅቶ አይጠብቀንም። ዛሬ በከተማና በቀበሌ ደረጃ መሠራት ያለበት ሥራ አለ፤ አብዛኛውም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዳርቻው እንጀምር። የሐይቁ ዳር ለዘመናት የሁሉ መሄጃ ነበር፤ የባሕር ዳር ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ጣናን በአጥር ቀዳዳ ሲያይ ኖሯል። በኮሪደር ልማቱ የተከፈተው ክፍል ደስ ያሰኛል፤ የቀረውም ይከፈት። ግቢያችሁ ከውኃው የሚዋሰን ሆቴሎችና ድርጅቶች፣ ለእግረኛና ለሳይክል የሚሆን መተላለፊያ ብትለቁ የሚጎድልባችሁ ጥቂት የወንበር ቦታ ነው። ሳይክለኛው ደግሞ ውኃ ይጠማዋል፣ ይርበዋል፤ ደንበኛችሁ ነው።

ሾፌሮች፣ በተለይ የጭነት መኪና የምትነዱ ወንድሞች፣ ሳይክለኛን በጡሩምባ ገፍታችሁ ጠርዝ አታስወጡት። ስትቀድሙት ሰፋ አድርጋችሁ ቅደሙት። ሳይክለኛውም ድርሻ አለው፤ ፍሬን የሌለው ሳይክል ይዞ አይውጣ፣ ማታ ያለ መብራት አይንዳ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ወሬ እያወራ መንገድ አይዝጋ።

ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለየአጥቢያው አባቶች የምለው ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ይነገር። በአገራችን በሳይክል የተጓዙ የውጭ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ፤ ልጆች እየሮጡ ይከተሏቸዋል፣ ብር ስጠን ይላሉ፣ አልሰጥ ሲሉ ድንጋይ ይወረውራሉ። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላለ መንገደኛ እግር አጥቦ መደቡን የሚለቅ ሕዝብ ልጆች ይህን ከየት አመጡት? ከፊሉ ከመኪና መስኮት ከረሜላና እስክሪብቶ ሲበትን ከኖረ ቱሪስት ነው፤ ያንን ማንም አይክድም። ቀሪውን ግን እኛ ችላ ብለነዋል። በሰልፍ ሰዓት አንድ መምህር፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ካህን፣ ከአርብ ስግደት በኋላ አንድ ሼህ ደጋግመው ቢናገሩት ይቀራል። ጎብኚውም እጁን ይሰብስብ፤ መስጠት ከፈለገ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ።

ስለ ክብር ካነሣን፣ የድሮ ሰው ደጀ ሰላም ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። ሳይክለኛም ይውረድ። ቅጥር ግቢ ውስጥ አይነዳም፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሥዕሉን በእጁ አይነካም፣ ካልተፈቀደለት ፎቶ አያነሳም። አባቶችም በበኩላችሁ የመግቢያውን ዋጋ በር ላይ በግልጽ ጻፉት፤ እንግዳን ከሥርዓቱ ይልቅ የሚያስከፋው በር ላይ የሚደረግ ክርክር ነው።

ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ቆላ ድባና የመሳሰሉት ከተሞች ላይ የጎሚስታ ሥራ ለምትሠሩ ልጆች፦ የሳይክል ካላማዳሪና ማጣበቂያ መደብ ላይ ይኑራችሁ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለጥምቀት ጎንደር የምትመጡ ወገኖች ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ ከሽቶው ጎን ጥሩ የፍሬን ጎማና ሰንሰለት ብትጨምሩ ዘመዳችሁ አይከፋም። እግረ መንገዳችሁንም አንድ ቀን መኪናውን አቁማችሁ ንዱ።

ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ የተባለ አረምም መርሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በኩል ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስጨንቋል፤ ሕዝቡም በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ነቅሏል። ዘመቻ ግን ያልፋል፤ አረሙ ተመልሶ ይመጣል። ቀስ ብሎ በዳርቻው የሚሄድ ሰው አዲስ የበቀለውን ገና ጥቂት ሳለ ያየዋል፣ ለቀበሌው ይናገራል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ጥብቅ የሚያደርገው ግን የሚጠብቀው ዓይን ነው።

በፌዴራል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለ። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወደ መሬት የሚወርደው ግን መንገዱን በየሳምንቱ የሚጠቀም ሰው ሲኖር ነው፤ ማንም የማይሄድበትን መንገድ ማንም አይጠግነውም።

ስለዚህ ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ፊት ለፊት እንገናኝ። ግቢው ውስጥ የፓኤዝ ሥራ ነው የሚባለው አሮጌ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አለ፤ ታሪኩን ከዚያው እንጀምራለን። ከዚያ በሐይቁ ዳር ወርደን፣ አዲሱን ድልድይ ተሻግረን፣ ጉማሬ ካለ ከሩቅ አይተን፣ እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ግርጌ ነድተን እንመለሳለን። ከከተማ አንወጣም፣ ውድድርም አይደለም፤ የመጨረሻውን ሰው ሁላችንም እንጠብቃለን። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ውኃ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አጥር የዘጋውን፣ ጉድጓድ የበላውን፣ ቆሻሻ የተደፋበትን ቦታ እየጻፍን ሄደን ዝርዝሩን ሰኞ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት እናስገባለን። ሳይክል የሌለው ከጎረቤት ይዋስ፤ የምታከራዩ ልጆችም በዚያች እሑድ ዋጋ አትጨምሩብን።