«ሞተሩ ይውረድ» ማለት ምርመራ አይደለም

ዕድሜ ጠገብ ሚኒባስ ከመተማ ቆላ ተነስቶ፣ ጎንደርን አልፎ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጉልበትም ያጣል። ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ አንዴ ነዳጅ ረግጦ ያዳምጥና ይፈርዳል፦ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ!» ባለመኪናው ዕቁቡን ለምኖ ያወጣል፣ ይበደራል። ሞተሩ ተፈትቶ፣ ታድሶ፣ ተገጥሞ ሲወጣ ዳባት ዳገት ላይ ያው ጥቁር ጭስ።

ይህ ግምት ነው። የግምቱን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ ገማቹ አይደለም።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ሞተር የሚስበው አየር ባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ግን ነዳጁን ለቆላ በተስተካከለው ልክ ያፈሳል፤ ሳይነድ የቀረው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ፊልትሮውን አውጥቶ ማየት በገዛ ግቢ የሚሠራ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነው፤ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው፣ ያኔ መካኒኩ ስለ ፋሻ ቢያወራ ያምርበታል። ነጩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ የራዲያተሩ ውኃም እየጎደለ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። በደባርቅ ብርድ ማለዳ ወጥቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ነጭ እንፋሎት ግን ከበሬ አፍንጫ ከሚወጣው አይለይም። በዚያ ሰበብ ቴስታታ ማስፈታት ግፍ ነው።

«ሞተሩ ይፈላል» የሚለውም እንዲሁ። ደባርቅ ላይ ክፍት ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ አልቆ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ጤነኛ ሞተር ይንተከተካል። ሞተሩ ሲበርድ (በሙቀቱ ፈጽሞ አይነካም!) ክዳኑን ከፍቶ ላስቲኩን ማየት ማንን ይከብዳል?

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን አድልዎ ነው። «አይተህ ብቻ ነው፤ ምን ሠራህና ልክፈልህ?» የሚለው ማን ሆነና! ለመፍታት እንጂ ለመመርመር የማይከፈለው ሰው ሳይፈታ አያድርም።

አሮጌው መኪና ደግሞ የትም አይሄድም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። የኤሌክትሪኩ ዘመን መምጣቱ ይሁን፤ እስኪመጣ ድረስ ጃናሞራና በየዳ የሚወጣው ያው ሽማግሌው መኪና ነው። ሽማግሌውን ማን ይመርምር የሚለውን ግን የጠየቀ ባለሥልጣን የለም። ለቦሎ ሲመጣ ብቻ ይታወሳል።

ስለዚህ ባለመኪናው ሞተሩ ከመውረዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ኮምፕሬሽኑ ተለክቷል? የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስንት ስንት ነው?» መልሱ «በድምፁ ይታወቃል» ከሆነ ቁልፉን ተቀብሎ ይውጣ። ከተለካም ቁጥሩ በፋብሪካው መጽሐፍ ካለው ስላነሰ ብቻ አይደንግጥ፤ የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ወለል አየር ነው፣ ደባርቅ ላይ ጤነኛውም ያንሳል። ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ይወዳደሩ። አራቱም ተቀራራቢ ሆነው ዝቅ ካሉ አስቀድሞ ከፍታው ይታሰብ፤ አንዱ ብቻውን ከሦስቱ በእጅጉ ከወደቀ ግን ያኔ መፍቻው ይምጣ።