አየሩ የማን ነው? በአንድ ሞገድ ላይ አብረው ስለሚኖሩ መሣሪያዎች

በአሁኑ ዘመን ሽቦ አልባ መገናኛ ያልገባበት ቤትና መሥሪያ ቤት እያነሰ መሄዱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ተማሪው በክፍሉ ተቀምጦ በዋይፋይ መጽሐፍ ያነባል፤ ጎረቤቱ በብሉቱዝ ማዳመጫ ዜና ይሰማል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ወይዘሮ ደግሞ በማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ ታሞቃለች። እነዚህ ሦስት ሰዎች ምናልባት አይተዋወቁም። መሣሪያዎቻቸው ግን የሚሠሩት በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ ይኸውም ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። በአንድ አዳራሽ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር አንዱም እንደማይደመጥ እናውቃለን። ታዲያ እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት ተስማምተው ሊኖሩ ቻሉ? ሌሎች ሲጨመሩባቸውስ ይስማማሉን? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ነገር መስኖን ይመስላል። የወንዙ ውሃ አንድ ነው፤ ጠጪው እርሻ ግን ብዙ ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ቦዩን ወደየማሳው ቢከፍት ለማንም አይደርስም። ስለዚህ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ተራ አውጥቶ፣ የውሃ አባት ሾሞ ይጠቀማል። ለሞገድም መንግሥታት ሁለት ዓይነት ሥርዓት አበጅተውለታል። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ክልሉ ተለክቶ ለአንድ ድርጅት ይሰጣል፣ ሌላው አይገባበትም። የስልክ ኩባንያዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። ሁለተኛው የወል ነው፤ ደንቡን የጠበቀ መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ያለ ኪራይ ይገባበታል።

ከ2400 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ይህ ክልል መጀመሪያ ማንም የሚመኘው አልነበረም። በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ለየው፤ ይህም ማለት ለመነጋገር ሳይሆን ለማሞቅና ለመሳሰለው ሥራ ሞገድ ለሚያመነጩ ዕቃዎች ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ በዚያ የሚሠራው ስለዚህ ነው። ከምድጃ የሚያመልጠው ሞገድ ስለሚያውክ፣ ክልሉ ለመገናኛ የማይረባ ጠፍ መሬት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1985 ግን የአሜሪካ ፌደራል መገናኛ ኮሚሽን ይህን ጠፍ መሬት ለመገናኛ ከፈተው። ግዴታውም ከባድ ነበር፦ ኀይላችሁ ትንሽ ይሁን፤ ባለፈቃዱን አታውኩ፤ ሌላው ቢያውካችሁ ግን አቤቱታ የላችሁም። ዋይፋይና ብሉቱዝ ያደጉት ከዚህ ውሳኔ ነው።

አቤት የሚሉበት ዳኛ የሌላቸው ጎረቤቶች ጨዋነትን መማር ግድ ይሆንባቸዋል። መሐንዲሶቹም መሣሪያዎቹን ጨዋነት አስተማሯቸው። የዋይፋይ ደንብ በ1997 ሲወጣ ዋና ሕጉ፣ ከመናገርህ በፊት አዳምጥ የሚል ነበር። መሣሪያው ሌላ ሲናገር ካገኘ ዝም ይላል፤ ዝምታ ሲሆንም ወዲያው አይጣደፍም፤ በዕጣ እንደ ወጣለት ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አዳምጦ ይናገራል። ብሉቱዝ በሌላ መንገድ ሄደ። ክልሉን በ79 መሥመር ከፍሎ በአንድ ሴኮንድ 1600 ጊዜ ከመሥመር ወደ መሥመር ይዘላል። አንድ የዋይፋይ መገናኛ ግን ወደ 20 የሚጠጉትን መሥመሮች በአንድነት ስለሚይዝ፣ የሚዘለው ብሉቱዝ ደጋግሞ ይላተመው ነበር። ከዚህ የተነሣ በ2003 የወጣው የብሉቱዝ ደንብ፣ የተያዙትን መሥመሮች እየለየ በቀሩት ብቻ እንዲዘል ፈቀደ። ዛሬ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ሁለቱ አብረው የሚኖሩት በዚህ ዓይነት ዕርቅ ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋነት ሁሉ የሚጠበቀው ተቆጣጣሪ ሲኖር ነው። በ2003 ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ጉባኤ ከ5 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ሰፊ ክልል ለዋይፋይ ሲከፍት፣ በከፊሉ ሬዳሮች ቀድመው ሰፍረውበት ነበር። ስለዚህ የዋይፋይ መሣሪያ በዚያ ከመናገሩ በፊት 60 ሴኮንድ እንዲያዳምጥ፣ ሬዳር ከሰማ በ10 ሴኮንድ ውስጥ እንዲለቅ፣ ለ30 ደቂቃም እንዳይመለስ ተደነገገ። ደንቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን በ2009 በፖርቶ ሪኮ፣ በሳን ሁዋን፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ የነፋስ አደጋ የሚጠቁመው ሬዳር ታወከ። ሲመረመር ምክንያቱ ከቤት ውጭ የተተከሉ፣ ከሬዳር መሸሽ የሚገባቸው ግን ያልሸሹ መሣሪያዎች ሆኑ። እንግዲህ በወረቀት የተጻፈ ጨዋነት ብቻውን አውሮፕላን አያድንም።

ከዚህ የበለጠው ክርክር የተነሣው ከ2014 ወዲህ ነው። የስልክ ኩባንያዎች በገንዘባቸው የያዙት ክልል ሲጣበብባቸው ዓይናቸውን ወደ ወሉ ክልል ጣሉ። የስልኩ ሥርዓት ግን በራሱ ግቢ ያደገ ነው፤ ተራውን የሚሰጠው የራሱ ጣቢያ ስለ ሆነ፣ ባዕድ ጎረቤትን ማዳመጥ አልለመደም። ኤልቲኢ ዩ የተባለው ዘዴ በየንግግሩ ፊት ከማዳመጥ ይልቅ፣ የጎረቤቱን ብዛት ገምቶ ጊዜውን እየከፈለ ራሱን ያበራና ያጠፋ ነበር። የዋይፋይ ወገኖች፣ ድርሻችንን የሚለካልን ተቀናቃኛችን ራሱ ነውን ብለው ጮኹ። የስልኩ ወገኖችም መልስ ነበራቸው። ዋይፋይ የራሱን ወገን ድምፅ እጅግ ደክሞ እንኳ ሲሰማ ዝም ይላል፤ የባዕድ ድምፅ ግን መቶ እጥፍ ካልበረታ እንደ ንግግር አይቆጥረውም። ስለዚህ በደሉ ከአንድ ወገን ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ፍርዱ በየአገሩ ተለያየ። በአውሮፓና በጃፓን ደንቡ ራሱ አስቀድሞ አዳምጥ ስለሚል፣ ኤልቲኢ ዩ እንዳለ ሊገባ አልቻለም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበረ ሁለቱ ወገኖች ተከራክረው በ2016 የጋራ መፈተኛ ተዘጋጀ፤ የመጀመሪያዎቹም መሣሪያዎች በ2017 ተፈቀዱ። ዓለም አቀፉ የስልክ ደንብ አውጪዎች ማኅበር ግን በ2016 የተቀበለው ሌላውን፣ የሚያዳምጠውን ዘዴ ነው። የአምስተኛው ትውልድ ስልክ በወል ክልል እንዲሠራ በ2020 በወጣው ደንብም ማዳመጥ አልቀረም። ከዚህ የምንማረው፣ ገበያው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚፈልግ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ማዳመጥ መመለሱን ነው።

አሁን ደግሞ ክርክሩ ወደ 6 ጊጋኸርዝ ተሻግሯል። የአሜሪካ ኮሚሽን በ2020 በዚህ ክልል 1200 ሜጋኸርዝ ያህል ያለ ክፍያ ለዋይፋይና ለመሳሰሉት ከፈተ። ይህ ምን ያህል ስጦታ እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ለስልክ ኩባንያዎች 280 ሜጋኸርዝ በሐራጅ ቀርቦ በ2021 ወደ 81 ቢሊዮን ዶላር መሸጡን ማስተያየት ይበቃል። በክልሉ ቀድመው የሰፈሩ የኤሌክትሪክና የስልክ ድርጅቶች ፍርድ ቤት ቢቀርቡም፣ በዚያው በ2021 መጨረሻ የተሰጠው ፍርድ ውሳኔውን በአብዛኛው አጸናው። ከቤት ውስጥ በትንሽ ኀይል የሚሠራው መሣሪያ በነጻ ይገባል፤ ከቤት ውጭ በከፍተኛ ኀይል የሚሠራው ግን ያለበትን ቦታ ተናግሮ፣ የትኛው መሥመር ነጻ እንደ ሆነ ከመዝገብ መጠየቅ አለበት። ይህ መዝገብ የዘመኑ የውሃ አባት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ሌሎች አገሮች በዚህ አልተስማሙም። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የታችኛውን 480 ሜጋኸርዝ ብቻ ለዋይፋይ ሰጠ። ቻይና በ2023 የክልሉን የላይኛውን ክፍል ለስልክ አደረገች። በዚያው ዓመት በዱባይ የተደረገው የሬዲዮ ጉባኤም፣ አውሮፓንና አፍሪካን በያዘው አንደኛ ቀጣና የላይኛው ክፍል ለስልክ እንዲሆን ለየ፤ ይሁን እንጂ ዋይፋይን አልከለከለም። የእንግሊዝ የመገናኛ ተቆጣጣሪም በ2025 ሁለቱ አብረው እንዲጠቀሙበት ሐሳብ አቅርቧል።

አገራችን ኢትዮጵያ የምትገኘው በዚሁ በአንደኛው ቀጣና ነው። በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ሞገድን የማስተዳደር ኀላፊነት ተሰጥቶታል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በእኛ አስተያየት፣ ፈቃድ ይሻላል ወይስ ወል ብሎ አንዱን ብቻ መምረጥ አይገባም። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በመላ አገሪቱ ጣቢያ የሚተክል ኩባንያ ዋስትና ቢፈልግ እውነት አለው፤ ገጠሩም ስልክ የሚያገኘው በዚህ ነው። ነገር ግን ሁሉም ክልል በገንዘብ ብቻ የሚታደል ከሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ፣ አዲስ መሣሪያ የሚሞክረውም ወጣት መሐንዲስ የሚቆሙበት አያገኙም። ማንም ያልፈለገው ጠፍ መሬት ለወል ቢሰጥ ስንት ፍሬ እንዳፈራ ከላይ አይተናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜው ነው። ደንቡ የሚጻፈው መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዕቃ በየቤቱ ከገባ በኋላ ጨዋነት ላስተምርህ ማለት አይቻልም፤ የሳን ሁዋን ሬዳርም ምስክር ነው። ስለዚህ ነገ በዚህ ሥራ የምትሰለፉ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ አዲስ መሣሪያ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከመናገርህ በፊት ታዳምጣለህን? ቀድሞህ የሰፈረውን ትለቅለታለህን? ይህንንስ በእኛ ፊት ተፈትነህ ታሳያለህን? እሺ ብሎ በፈተናው ያለፈ ይግባ። ያላለፈ ግን፣ የላከው ኩባንያ የቱንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን፣ ተራውን እስኪማር ከደጅ ይቆይ።