ክፍያውን ከተቀበላችሁ ኪሳራውንም ተቀበሉ

ከኮቦ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ እቃ ስትልኩ የምትቀበሉትን ብጣሽ ወረቀት እስቲ ገልብጣችሁ አንብቡት። ከስልክ ቁጥሩ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ ለጠፋ እቃ ኃላፊነት አንወስድም የሚል መስመር አይታጣም። ኃላፊነት ካልወሰድክ ምንድን ነው የወሰድከው? ብሬን ወስደሃል። እቃዬን ወስደሃል። ስሜንና ስልኬን መዝግበህ ወስደሃል። የቀረህ ነገር ቢኖር የተከፈለህበት ሥራ ብቻ ነው!

እንጀራዬ አሮጌ ገንዘብ ነው። ማርትሬዛ፣ የምኒልክ ብር፣ ከብር የተሠራው የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም፣ የድሮ ቴምብር፣ በ2013 ዓ.ም. የተቀየሩት ኖቶች ሳይቀሩ ፈላጊ አላቸው። ከዞብል ግርጌ፣ ከሮቢትና ከጎብዬ ሰዎች ያመጡልኛል፤ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ሰብሳቢ ቀብድ በቴሌብር ይልካል፤ እኔ እቃውን በአውቶብስ እልካለሁ። ችግሩ ያለው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው። ፎቶው በሰከንድ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ብሩ ራሱ ግን በወልድያ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በደብረ ብርሃን አድርጎ 570 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ማን እጅ እንደነበረ የሚናገር አንድ ፊርማ የለም።

ባለፈው ክረምት የአንዲትን እናት ሦስት የምኒልክ ብሮች ላክሁ። ከሙሽርነታቸው ጀምሮ አንገታቸው ላይ የነበሩ ናቸው፤ የሸጧቸው ለልጅ ልጃቸው ሕክምና ነው። ገዢው ጥቅሉን ሲከፍት ያገኘው የቡሎን ቀለበት ነው፤ ያውም ክብደቱ እንዲመጣጠን ታስቦ። የላክሁበት መስኮት ሄጄ ስጠይቅ፣ «ወንድሜ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል? ኬላ ላይ ተፈትሾ ይሆናል» አለኝ ልጁ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። የትኛው ኬላ? አይታወቅም። ማን ፈተሸ? አይታወቅም። ጥቅሉን ከኮቦ የተረከበው ረዳትስ ማን ነበር? እሱም አይታወቅም! ኬላ ላይ የሚፈትሽ ሰው ቡሎን ቆጥሮ፣ መዝኖና ጠቅልሎ የሚጠብቅበትን አገር እስካሁን አላየሁም።

ወደ እናትየው ስመለስ ነው ነገሩ የመረረኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሸጠህ በልተኸዋል ብልህስ በምን ታስረዳኛለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የምኒልክ ብር መላኬን የሚያሳይ ወረቀት የለኝም፤ ወረቀቱ የሚለው «1 ካርቶን» ብቻ ነው። ገዢው ዋሽቶ ይሆናል፤ እኔ ዋሽቼ ይሆናል፤ ረዳቱ ሰርቆ ይሆናል፤ ቢሮው ሰርቆ ይሆናል። ርክክቡ ያልተጻፈ እቃ ሲጎድል ሁሉም እኩል ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ሁሉም ሲጠረጠር ደግሞ የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሌባው። ስለዚህ የመዝገብ አለመኖርን ዝርክርክነት ብላችሁ አታቆላምጡልኝ። መዝገቡ የሌለው ባለመኖሩ የሚጠቀም ስላለ ነው።

አሮጌ ብር ደግሞ ለሌባ የተሠራ ያህል የሚመች እቃ ነው። ማርትሬዛን ተመልከቱት፤ ምስሏ ያለበት ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ለዘመናት የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ነው የወጣው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹሕ ብር ነው። አንዱ ከሌላው በቀላሉ አይለይም፤ ብር አንጣሪ ዘንድ ከገባ ማታውኑ ቀለበት ይሆናል። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም የማርትሬዛን ክብደት ተከትሎ ነው የተሠራው፤ ሰብሳቢ ዘንድ ግን ዋጋው ከብረቱ በብዙ ይበልጣል። የሰረቀው ሰው ይህን አያውቅም። በሚዛን ሸጦት፣ የታሪኩን ዋጋ ቀልጦ እንዲቀር አድርጎ ሄዷል። የተሰረቀ ስልክ ቢያንስ ስልክ ሆኖ ይኖራል፤ የቀለጠ የምኒልክ ብር ግን ተመልሶ የምኒልክ ብር አይሆንም።

«መንገዱ ነው» የሚሉኝን በደንብ እሰማቸዋለሁ። መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ኮቦ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ደጋግሞ ያለፈባት ከተማ ናት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋርጦ ኖረናል። እቃ ወልድያ ላይ ሳምንታት ቢያድር ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ጥቅል ይዘገያል እንጂ ምኒልክ ወደ ቡሎን አይለወጥም! የሕዝብን መከራ የስርቆት መሸፈኛ ማድረግ ከስርቆቱ የባሰ ነውር ነው። ሰው በመንገዱ የሞተ ዘመዱን እያለቀሰ፣ አንተ በዚያው መንገድ ስም ኪስህን ትሞላለህ።

እቃው ሲጎድል ደግሞ የሚባረረው ረዳቱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው። ረዳቱ እቃ ተቀብሎ የፈረመበት ወረቀት የለም፤ አውቶብስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያስረው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። በአንድ ጉዞ የስንት ሰው ንብረት እንደያዘ ማንም አልነገረውም። ሌባ ከሆነ ይጠየቅ፤ ግን በየጥቅሉ ክፍያ የሰበሰበው ባለቤት በየትኛው ቀዳዳ ሾልኮ ነው ከተጠያቂነት የሚያመልጠው?

ሕጉማ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአደራ የተረከበ ሰው ጠብቆ እንዲመልስ ያስገድዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደልን ወንጀል ነው ይላል። እቃ በየብስ ስለማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999ም አለ። በደቃቅ ፊደል የታተመች የአንድ ቢሮ መስመር ይህን ሁሉ የምትሽር የሚመስላቸው፣ እኛ ሦስት ብር ፍለጋ ወልድያ ፍርድ ቤት እንደማንመላለስ ስለሚያውቁ ነው። የሚተማመኑት በሕጉ ሳይሆን በድካማችን ነው።

የእኛንም ወገን አልምርም። ቀብድ ተቀብሎ ባዶ ካርቶን ልኮ «መንገድ ላይ ነው የጠፋው» የሚል ሻጭ አለ፤ እቃው ደርሶት «አልደረሰኝም» የሚል ገዢም አለ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ብራናና የቤተ ክርስቲያን መስቀል ከማርትሬዛ ጋር ጠቅልሎ የሚልከው ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተጋዘውን እስከ ዛሬ ስንለምን እየኖርን፣ በ2013 ዓ.ም. እንኳ እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ሊቀርብ የነበረው የመቅደላ ንብረት በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታ ሲወጣ ደስ ብሎን፣ በራሳችን አውቶብስ ሌላ መቅደላ አንጫን። እንዲህ ያለው ሰው ጥቅሉ ቢሰረቅበት ከእኔ ጋር ተሰልፎ እንዳይጮህ። ሌባ ሌባን ሰረቀው፤ አለቀ።

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። የአገሪቱ ፖስታ የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ነን። የድሮ የፖስታ ሠራተኛ ሪኮማንዴ (የአደራ ደብዳቤ) ሲቀበል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይፈረማል፤ ተቀባዩም ፈርሞ ይወስዳል። ኮምፒውተር አልነበረም፤ የነበረው እስክርቢቶ ነው። እስክርቢቶ ደግሞ ኮቦም ይሸጣል!

«ውስጡ ያለውን ስለማናውቅ ዋጋ ልንመዘግብ አንችልም» ይሉኛል። እንግዲያው እወቁት። ፊታችሁ ልክፈተው፤ መዝኑት፤ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ አብረን እናሽገው፤ እሽጉ ላይ ሁለታችንም እንፈርም። ግራሙንና ዋጋውን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ደሴ ላይ አውቶብስ ከቀየረ ተረካቢው ይፈርም። አዲስ አበባ ላይ ገዢው ፊት ለፊት ይመዘን። ዋጋው ከፍ ላለ እቃ ከፍ ያለ ክፍያ ጠይቁኝ፤ እከፍላለሁ። ከጎደለ ግን የተጻፈውን ዋጋ ትከፍላላችሁ። ይህ ከበዛባችሁ እቃ መቀበሉን ተዉትና ሰው ብቻ ጫኑ።

የኮቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ሻጮች ሆይ፣ መስኮት የሚከፍቱልን እኛ ስለምንሰለፍ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ካርቶናችንን ይዘን እንሂድ፤ ሚዛን ይውጣ፣ ዋጋ ይጻፍ፣ ይፈረም እንበል። እምቢ ያለው መስኮት ላይ አንዲት አምስት ሳንቲም እንኳ አናስቀምጥ። እሽ ላለው የመጀመሪያው ቢሮ ደግሞ ደንበኛውን ሁሉ እኔ ራሴ አመጣለታለሁ።