የመኪና ራዲዮ አንቴና ከወዴት ይተከል?

የመኪናዎ (ወይም የወንድምዎ መኪና) ራዲዮ ቢንጫጫ ደመወዝዎን ይዘው አዲስ ራዲዮ ለመግዛት አይቸኩሉ። አስቀድመው አንቴናው የቆመበትን ስፍራ ይመልከቱ። ዘንጉ ብቻውን አንቴና አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ከሥሩ የተዘረጋው የመኪናው ብረት ነው። ስለዚህ ብረቱ በዙሪያው እኩል የሆነበት የጣራው መካከል ከሁሉ ይበልጣል። በፓራፋንጎ ላይ ቢተከል ግን ከአንዱ አቅጣጫ የሚመጣውን ሞገድ አጉልቶ፣ ከሌላው የሚመጣውን አሳንሶ ይቀበላል። የቤንዚን መኪና ከሆነማ የካንዴላው ብልጭታ ስለሚቀርበው ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ጩኸት ይከተልዎታል።

«ታዲያ ጣራዬን በስቼ ዝናም ላስገባ?» ይሉ ይሆናል። እውነትዎን ነው፤ እኔም ብሆን እጄ ይንቀጠቀጣል። እንግዲያስ ፓራፋንጎውን ይምረጡ፤ ከሞተሩ ገመዶች የራቀውን ጎን ግን ይያዙ። በዚህስ የአሮጌዋ ቮልስ ባለቤት ዕድለኛ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ፓራፋንጎ ጸጥታ አለው።

ብዙ ሠራተኛ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና ከብሎኑ ሥር ያለውን እስከ ብረቱ ድረስ ያስፍቁት። ለኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የዚያ ሩብ፣ 77 ሳንቲሜትር ዘንግ ይበቃል። የተፋቀው ስፍራ እንዳይዝግ ዙሪያውን ግራሶ ያስቀቡት።