ልጁ የወደቀው 12ኛ ክፍል አይደለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሀገሩ ሁሉ ሙሾ ያወርዳል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሚኒስቴሩን ወቀስን፣ ልጆቹን «ሰነፍ ትውልድ» አልን፣ ሁለት ሳምንት ጮኸን ረሳነው።

እኔ ግን እላለሁ፦ ልጁ የወደቀው 12ኛ ክፍል አይደለም። የወደቀው ገና ክፍልፋይ ሲማር ነው። ያኔ ሲወድቅ ያየው አልነበረም።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አንድ ልጅ አገኘሁ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከብት ሲጠብቅ ከርሟል።

«2/4 እና 3/6፣ የትኛው ይበልጣል?» አልኩት።

«3/6 ነዋ ጋሼ። ቁጥሩ ትልቅ ነው።»

ስለ አቻ ክፍልፋይ የተማረውን ጠየቅኩት። «ላዕሉንና ታህቱን በአንድ ዓይነት ቁጥር ማባዛት» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ወረደው። ደንቡን ሸምድዷል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም።

«እሺ፣ አባትህ መሬቱን ለእኩል ቢሰጥና 4 ቁና ጤፍ ቢገኝ ስንት ይደርሰዋል?»

«ሁለት።»

«6 ቁና ቢሆንስ?»

«ሦስት።»

«ታዲያ 2 ከ4 እና 3 ከ6፣ የቱ ድርሻ ይበልጣል?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ያው እኩሌታ ነው እኮ!»

ይህ ልጅ ሰነፍ ነው? እኩል፣ ሲሶ፣ ሩብ የጎጃም ገበሬ ቤት የዕለት ቋንቋ ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ክፍል ውስጥ የጠየቀው የለም። ደንቡ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ ደብተር ላይ ተገለበጠ፣ ደወል ተደወለ። ልምምድ የሚባል ነገር የለም። መምህሩንም ብቻ አልወቅስም፤ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ መጽሐፉን በጊዜ ጨርስ እየተባለ የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር መቼ ይይ?

«ሀገር በጦርነት እየታመሰ ስለ ክፍልፋይ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አወራለሁ! ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ነገ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁ በዕድሜው ተመዝኖ ከፍ ያለ ክፍል ይገባል። መጽሐፉ ስለ መቶኛና ስለ ንጽጽር ያወራል፤ እሱ ገና 1/2 እና 1/3 መደመር አይችልም። 3/6 እና 2/6 ብሎ መለወጥን ያላወቀ እንዴት ይደምራል? ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም እዚያው ላይ ይፈርሳል። ቢሮው ግን «ይህን ያህል ተማሪ መዘገብን» ብሎ ሪፖርት ይልካል።

8-2-2 የነበረው 6-2-4 ሆነ፤ መጽሐፉም ተቀየረ። ይህ ብቻውን ከሆነ 1/2ን 4/8 ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ስሙ ተለወጠ፣ መጠኑ ያው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የሚከፈት ትምህርት ቤት ሁሉ የመጀመሪያውን ወር ለአዲስ ምዕራፍ ሳይሆን ለጎደለው ይስጥ። አንድ ወረቀት እኩል ይታጠፍ፣ ግማሹ ይቀለም። ደግሞ ይታጠፍ፤ 2/4 ሆነ። አሁንም ይታጠፍ፤ 4/8። የተቀለመው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ልጁ ይህን በእጁ አሥር ጊዜ ካየ በኋላ ደንቡን ራሱ ይነግራችኋል። ይህ የውጭ ዕርዳታ አይጠይቅም።

ትምህርት ቤት በተዘጋበትም እናት እንጀራ ስትቆርስ ትጠይቅ፤ 10ኛ ክፍል የደረሰ ታላቅ ወንድም ታናሹን በቀን ሩብ ሰዓት ያስቀምጠው።

ነፍጥ ያነገባችሁ ወገኖች ሁሉ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ለልጆቹ ተዉላቸው። እናንተ ስትታረቁ የልጁ ዕድሜ ወደ ኋላ አይመለስም።

ይህን ሳናደርግ የሚቀጥለው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የምናለቅስ ከሆነ፣ ለቅሶው የአዞ ነው።